ያባቱ ቤት ሲዘረፍ

ሞኝ ያባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል ይላል ያገራችን ሰው። ልጅ ሳለሁ ይህ ተረት ያስቀኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሞኝ በእውን ሊገኝ አይችልም ብዬ አምን ነበርና። ዛሬ ግን ስድሳ ስድስት ዓመት ሆኖኝ፥ የማስተማሩን ሥራ በጡረታ ትቼ፥ በድሬዳዋ ከተማ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ስቀመጥ ያን ሞኝ በዓይኔ አየሁት። የተማረ፥ ልብሱ ንጹሕ፥ አነጋገሩም የሚያምር ሰው ነው። ያባቱን ቤት የሚዘርፈውም በጨለማ ተሹለክልኮ ሳይሆን በቀን፥ በገንዘቡና በደረሰኝ ነው። ስለዚህ ነገር ዝም ማለት አልቻልሁም።

የምነቅፈው ነገር በዘመናችን ባለጠጎች ዘንድ የገባውን የጥንት ዕቃ የመሰብሰብ ፍቅር ነው። አንባቢ ሆይ፥ አትቸኩልብኝ። የጥንት ዕቃ ይጣል አላልሁም፤ እንዲያውም የምናገረው ስለምወደው ነው። የምነቅፈው ከባለቤቱ ተለይቶ፥ ስሙ ጠፍቶ፥ ታሪኩ ተቆርጦ፥ በመስታወት ውስጥ ለአንድ ሰው ዓይን ብቻ የሚቆለፈውን ስብስብ ነው። ነገሩ እንዲገባህ ካየሁት ልጀምር።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደ ቤቱ ጠራኝ። ልጅ እለዋለሁ እንጂ ኀምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። በታይዋን ገበያ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ተነሥቶ፥ ዛሬ እስከ ቻይና ጓንጁ ከተማ እየተመላለሰ የሚነግድ፥ በጥረቱ የበለጸገ ሰው ነው። ቡና ቀርቦ፥ ዕጣን ጨሶ ከተጨዋወትን በኋላ ተነሣና «አቦ ጋሼ፥ ዛሬስ አይተው የማያውቁትን ነው የማሳይዎ» ብሎ መብራት የገባበትን ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ከፈተ።

በውስጡ ጄድ ከሚባለው ከአረንጓዴው የቻይና ድንጋይ የተቀረጹ ዐሥራ አንድ ትናንሽ እንስሳት ተደርድረው ነበር፤ አይጥ፥ በሬ፥ ነብር፥ ጥንቸል፥ ዘንዶ፥ እባብ፥ ፈረስ፥ ጦጣ፥ አውራ ዶሮ፥ ውሻና ዐሣማ። እኛ ዓመታቱን ዘመነ ማቴዎስ፥ ዘመነ ማርቆስ፥ ዘመነ ሉቃስ፥ ዘመነ ዮሐንስ እያልን በአራቱ ወንጌላውያን እንደምንጠራቸው፥ ቻይናዎች ደግሞ ዓመታቱን በዐሥራ ሁለት እንስሳት ስም እየጠሩ በየዐሥራ ሁለት ዓመቱ ይዞራሉ። ከዐሥራ ሁለቱ አንዷ ብቻ ጎድላ ነበር። «ፍየሏ ቀረችኝ ጋሼ» አለኝ። «እርስዋን እስካገኝ እንቅልፍ የለኝም። የሚጠይቁኝን ዋጋ ብነግርዎ ይደነግጣሉ።» ይህን ሲለኝ ከደጅ የሰፈሩ ፍየሎች የተጣለውን የጫት ገረባ ለመቃም እየተጋፉ ሲጮኹ ይሰማ ነበር። ልሥቅ ፈልጌ ተውሁት። ከእንስሳቱ አንዱን በእጄ አንሥቼ «ግሩም ነው» አልሁ፤ ቡናዬንም ጠጥቼ ተሰናበትሁ።

እስከ በር የሸኙኝ እናቱ ነበሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መምህር፥ ድንጋዮቹን አዩልኝ?» አሉኝ። «አየሁ እመቤቴ» አልኋቸው። «ከነሱ አንዱ የኔ ድሪ ነው። የትኛው እንደ ሆነ ግን አላውቅም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናቱ አባት በባቡሩ መጠገኛ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደርሶ፥ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት መሆኑን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። እኒያ ሠራተኛ ልጅ በተወለደላቸው ቍጥር ከደመወዛቸው አንድ ማርትሬዛ ብር አስቀርተው ለሚስታቸው ድሪ ያስጨምሩ ነበር። ዘጠኝ ልጆች ተወለዱ፤ ዘጠኝ ብር ተሰካ። ከልጆቹ ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ብራቸው ግን ከድሪው አልወጣም። የተማሪዬ እናት ስድስተኛዪቱ ብር ናቸው። የልደት ወረቀት የላቸውም፤ መወለዳቸውን የሚመሰክርላቸው ያ ድሪ ብቻ ነበር። ልጃቸው ይህን ድሪ «ሣጥን ውስጥ ከሚያረጅ» ብሎ ለአንድ መንገደኛ የባዕድ አገር ሰብሳቢ ሸጠው፤ ገንዘቡንም በድንጋዮቹ ዋጋ ላይ ጨመረው።

ማርትሬዛ በዓለም ላይ ብርቅ ገንዘብ አይደለችም። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞቱ በኋላ እንኳ በዚያው ዓመተ ምሕረት እየታተመች ዘመናት አልፈዋል። ክብደቷ 28 ግራም ያህል ነው፤ አንዷም ከሌላዋ አትለይም። ስለዚህ ሰብሳቢው የከፈለው የብሩን ክብደትና የአንጥረኛውን እጅ ዋጋ ነው። ስድስተኛዪቱ ብር ማን እንደ ነበረች አልጠየቀም፤ ሻጩም አልነገረውም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል ማለት ይህ ነው።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አጣሁ። ያሳፈረኝ የተማሪዬ ሥራ ብቻ ሳይሆን «ግሩም ነው» ያልሁት የራሴ አንደበት ነው። ስለዚህ በሳምንቱ ተመልሼ ሄድሁና የሚገባኝን ተናገርሁ።

«ልጄ፥» አልሁት፥ «የቻይናን ጥበብ አልነቅፍም። ጄድ በቢላዋ የሚቀረጽ ድንጋይ አይደለም፤ ከብረት ቢላዋ የጠነከረ ስለ ሆነ በጠንካራ አሸዋ እየታሸ፥ ወራት እየፈጀ፥ በትዕግሥት ነው ቅርጽ የሚይዘው። ጠቢባቸው ኮንፊሽየስም የመልካም ሰው ባሕርይ ምሳሌ አድርገውታል ይባላል። ነገር ግን ጥበቡን እጅግ ስለሚወዱት ጄዱን ከሙታን ጋር በመቃብር ያኖሩት ነበር። ስለዚህ እኒህ እንስሳት በእውነት ጥንታውያን ከሆኑ ከማን ቤት፥ ከማን መቃብር እንደ ወጡ ታውቃለህን? ቻይና ከ1911 በፊት የተሠራ የጥንት ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ በጠቅላላው ትከለክላለች። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ወይም ድንጋዮቹ በገበያ ጄድ እየተባለ የሚሸጠው ለስላሳ ድንጋይና ቀለም የገባው ብርጭቆ ናቸው፤ ያን ጊዜ የእናትህን ድሪ በብርጭቆ ለውጠሃል። ወይም እውነተኞች ናቸው፤ ያን ጊዜ የአንዲት የቻይና እናት ድሪ በቁም ሣጥንህ ተቈልፎ ይገኛል። በሕግ የወጡ ናቸው የምትል ከሆነ ወረቀቱን አሳየኝ።»

ወረቀት አልነበረውም። ግን ነጋዴ ነውና መልስ አላጣም። የሰጠኝን መልሶች አንድ በአንድ እጽፋቸዋለሁ፤ ከእርሱ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ሰው የሰማኋቸው ናቸውና።

የመጀመሪያው መልስ «ገንዘቡ የኔ ነው» የሚል ነው። ገንዘቡ የእርሱ መሆኑ እውነት ነው። ድሪው ግን የእርሱ አልነበረም። ከአያት ወደ እናት፥ ከእናት ወደ ልጅ፥ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነገር በመካከል ለያዘው ሰው አደራ ነው እንጂ ሀብት አይደለም። ናቡቴ የአባቶቹን የወይን ቦታ ለንጉሥ እንኳ አልሸጥም ያለው ዋጋው አንሶት አልነበረም። ለመሸጥ ሥልጣን እንደሌለው ስላወቀ ነው።

ሁለተኛው መልስ «እኔ የውበት አፍቃሪ ነኝ» የሚል ነው። ይህንም ተመልክቼዋለሁ። ውበት የሚያፈቅር ሰው ባለው ይረካል። ይህ ልጅ ግን ዐሥራ አንዱን አያያቸውም፤ የሚያየው ፍየሏ የጐደለችበትን ባዶ ቦታ ነው። ፍየሏ ብትገኝ ደግሞ የሚያንሱት፥ የሚገዝፉት፥ ነጮቹ፥ ቢጫዎቹ ይቀሩታል። የሰብሳቢ ሣጥን ምን ጊዜም አንድ የጐደለው ነው። ይህ ጉድለት በሰብሳቢው ልብ ብቻ ቢቀር ምንም አይደለም፤ ነገር ግን በሩቅ አገር መቃብር የሚያስቈፍር፥ ቤተ መቅደስ የሚያሰብር እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል ሲሰረቅ፥ ሌባው መስቀሉን ለጸሎት አልፈለገውም። የሚገዛ ሰው እንዳለ ስላወቀ ሰረቀ። መስቀሉም ከአንድ የቤልጅግ ሰብሳቢ ዘንድ ተገኝቶ በ2001 ተመለሰ። ገዢ የሌለው ሌባ ሥራ ፈት ነው።

ሦስተኛው መልስ «ታላላቆቹ መንግሥታትስ ያደረጉት ይህንኑ አይደለምን» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አድርገውታል። እነዚሁ ዐሥራ ሁለት እንስሳት ለዚህ ምስክር ናቸው። በቤጂንግ አጠገብ ዩዋንሚንግዩዋን በሚባለው የነገሥታት የአትክልት ቦታ ከነሐስ የተሠሩ የዐሥራ ሁለቱ እንስሳት ራሶች ነበሩ። ተራቸውን ጠብቀው እያንዳንዳቸው ለሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ከአፋቸው እያፈለቁ ሰዓት ያስቈጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች ያን ቦታ ዘረፉት፤ ከዚያም እንግሊዞች አቃጠሉት። ራሶቹ በየአገሩ ተበተኑ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአይጡና የጥንቸሉ ራስ ፓሪስ ላይ በሐራጅ ሲቀርቡ አንድ ቻይናዊ እያንዳንዳቸውን ከ15 ሚሊዮን ዩሮ በሚበልጥ ዋጋ ካሸነፈ በኋላ፥ የተዘረፈብንን አልገዛም ብሎ ገንዘቡን ሳይከፍል ቀረ። በ2013 ሁለቱም ያለ ዋጋ ወደ ቻይና ተመለሱ።

በቻይናው ዘመቻ አንድ ክፍለ ጦር ያዘዘው ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ነበር። ይህን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከስምንት ዓመት በኋላ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን የሠዉባትን መቅደላን የያዘው እርሱ ነው። የመቅደላው ምርኮ በ15 ዝሆንና በ200 በቅሎ ያህል ተጭኖ ወረደ። ከዚያም በደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ በሐራጅ ተሸጠ። ከገዢዎቹም መካከል ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከ ምሁር ነበር። እንግዲህ የቻይናው በደልና የእኛ በደል ወንድማማች ናቸው። የመቅደላ ልጅ የሆነ ሰው የቻይናን መቃብር ዕቃ ያለ ወረቀት ሲገዛ፥ ያባቱን ዘራፊ ወገን ሆኖ መቆሙ ነው። «እነርሱም አድርገውታል» ማለት ለሌባ እንጂ ለተሰረቀበት የሚስማማ ቃል አይደለም።

አራተኛው መልስ ከሁሉ የከበደ ነው፤ በቅንነት ልመልሰው ይገባኛል። «ሰብሳቢ ባይገዛው ኖሮ አንጥረኛው ያቀልጠው ነበር፤ ምስጥ ይበላው ነበር» ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም። ስንት የሐረር አምባር፥ ስንት ማርትሬዛ ቀልጦ እንደ ጠፋ ዓይኖቼ ምስክር ናቸው። ደግሞም በመሰብሰብ ብዙ መልካም ሥራ የሠሩ ሰዎች አሉ። ከእኛ ኀምሳ ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ በሐረር አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ ሰው በየቤቱ ሊጠፉ የነበሩ የብራና መጻሕፍትን፥ ገንዘቦችን፥ ጌጣጌጦችንና የዘፈን ቅጂዎችን ሰብስበው በመኖሪያ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ። በኋላም ስብስቡ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ሕንፃ ገብቶ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። በሆላንድ አገር በስደት የሚኖሩት አቶ ሲራክ አስፋውም ከጨለቆት ሥላሴ የጠፋውን የጥንት ዘውድ እ.ኤ.አ. በ1998 በቤታቸው አግኝተው፥ ላመጣው ሰው አሳልፈው ሳይሰጡ ለ21 ዓመት ደብቀው ጠበቁት። በየካቲት 2020 ለኢትዮጵያ መንግሥት አስረከቡ።

እንግዲህ ልዩነቱን ተመልከት። እኒህም ሰዎች ዕቃ በቤታቸው አኑረዋል፤ ያም ሰው አኑሮአል። ነገር ግን ሸሪፍ በራቸውን ከፈቱ፤ የየዕቃውንም ስምና ባለቤት ጠየቁ። ሲራክ የዘውዱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አልረሱም። ጠባቂ ማለት ይህ ነው። ሰብሳቢ የምለው ግን ስሙን ሳይጠይቅ የሚወስደውን፥ ወስዶም የሚቈልፈውን ነው። ዘጠኙ ብር ከአንጥረኛው እሳት ድነው ይሆናል፤ የዘጠኙ ልጆች ነገር ግን በዚያው በሽያጩ ቀን ጠፋ። ከእሳት አድኜዋለሁ የሚል ሰው ያዳነውን ነገር ማን መሆኑን ሊነግረን ካልቻለ ብሩን አዳነ እንጂ ድሪውን አላዳነም።

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ ድል ያደረግሁ መስሎኝ ዝም አልሁ። ተማሪዬም ጥቂት ዝም አለ። ቀጥሎ ግን ትሕትናውን ሳይለቅ እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና፥ ያን ባልጩት ከዋሻው ሲያነሡ ወረቀት ነበረዎን?»

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ብዕሬን ባነሣ ክብሬ በተጠበቀ ነበር። ነገር ግን በሚስዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ አሮጊት መምህርት ስሕተቱን በቀይ ቀለም ያላሰመረበትን ደብተር አይቀበሉም ነበርና፥ የራሴንም አሰምርበታለሁ።

የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ተማሪዎቼን ይዤ ከከተማችን በስተ ደቡብ ወዳለው ፖርክ ኤፒክ ወደሚባለው ዋሻ ወጣሁ። የሰው ልጅ ከብዙ ዐሥር ሺህ ዓመታት በፊት የኖረበት፥ ሊቃውንትም ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመረመሩት የታወቀ ዋሻ ነው። በዚያ መሬት ላይ የጥንት ሰው እጅ የሳለው አንድ ጥቍር ባልጩት አገኘሁ። ለተማሪዎቹ አሳየሁ፤ ስለ ጥንት ሰው ብልኀት ጥሩ ትምህርት ሰጠሁ፤ ከዚያም ኪሴ ከተትሁት። በመጽሐፍ መደርደሪያዬም ላይ እስከ ዛሬ ድረስ ተቀምጦ ነበር። እንግዳ ሲመጣ አሳየዋለሁ፤ እኮራበታለሁ። ያን ቀን ከአጠገቤ ቆሞ ኪሴን ሲመለከት የነበረው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህ ተማሪዬ ነው። ስለ ጥንት ሰው የተናገርሁትን ሁሉ ረስቶታል። ኪሴን ግን አልረሳም።

ከዚያ ዋሻ ሊቃውንት ከ4 ሺህ የሚበልጡ የቀይ አፈር ቍራጮችን አውጥተው፥ የዛሬ 40 ሺህ ዓመት ግድም ሰዎች እየፈጩ ለቀለም እንደ ተጠቀሙበት ለማወቅ ችለዋል። ሊያውቁ የቻሉት እያንዳንዱ ቍራጭ በምን ያህል ጥልቀት፥ ከምን ጋር እንደ ተገኘ ስለ ተጻፈ ነው። የእኔ ባልጩት ግን ከቦታው በተነሣ ጊዜ ዲዳ ሆነ። በማግስቱ ይዤው ለሚመለከተው የባህል መሥሪያ ቤት ሳስረክብ የተቀበለኝ ወጣት በጨዋነት «ከዋሻው ከየትኛው ወገን ነው ያነሡት አባቴ?» ሲል ጠየቀኝ። አላስታውስም። ዘጠኙን ብር ከገዛው ሰብሳቢ በምን እለያለሁ?

አገራችን ቅርስን የሚጠብቅ ሕግ አላት፤ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ወጥቶአል፤ ቅርስም ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ነገር ግን ፖሊስ በእያንዳንዱ እናት ሣጥን ላይ ሊቆም አይችልም። ሣጥኑን ሊጠብቅ የሚችለው ልጅ ነው፤ ልጁም የሚጠብቀው የውስጡን ታሪክ ሲያውቅ ነው። የማያውቁትን ነገር መሸጥ ቀላል ነው። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ዕቃውን ብቻ አታውርሱ፤ ነገሩንም አውርሱ። እናንተም ባለገንዘቦች፥ ስብስብ የምትወዱ ከሆነ ሳትጠይቁ አትግዙ፤ የገዛችሁትንም ጻፉ፤ የጻፋችሁትንም ለሕዝብ ክፈቱ። መምህራን ጓደኞቼም፥ በተማሪ ፊት ኪሳችሁን ጠብቁ።

ድሪው አልተመለሰም። ገዢው የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ዐሥራ አንዱ እንስሳትም በመስታወታቸው ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ ፍየሏ ግን አልተገዛችም። ባለፈው እሑድ የተማሪዬን እናት ከፊራ ገበያ አጠገብ አገኘኋቸውና ስለ ልጃቸው ጠየቅኋቸው። ደብተር ይዞ ከአጠገባቸው ተቀምጦ የዘጠኙን ወንድምና እኅት ስም በየተራው እየጠየቀ እንደ ጻፈ ነገሩኝ። ስምንቱን ነገሩት። በሕፃንነት ከሞቱት ከሁለቱ የአንዱን ስም ግን እርሳቸውም አጡት። «ድሪው በእጄ ቢሆን» አሉኝ፥ «ብሩን እየቈጠርሁ ስደርስበት ትዝ ይለኝ ነበር።»

አንባቢ ሆይ፥ እናትህ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ሣጥናቸውን እንዲከፍቱልህ ለምናቸው። ከመሸጥህ በፊት፥ ከመግዛትህም በፊት፥ መጀመሪያ ስሞቹን ጻፍ።